ከሶፋ ስፖንጅ የሚሠራ ቀይ ቀበሮ

በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ የተነሳው ጥያቄ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጠያቂው ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ወጣት ነው። ፈርሱት የሚባለውን፣ ሰው ከእግር እስከ ራሱ የሚያጠልቀውን ባለፀጉር የእንስሳ ልብስ፣ ቪዲዮ ላይ አይቶ ልቡ ተነስቷል። ሙሉ ልብሱን አልተመኘም። ለጊዜው ጭንቅላቱን ብቻ በገዛ እጁ መሥራት ይፈልጋል። የመረጠው እንስሳ ቀይ ቀበሮ ነው። ስፌት ብዙም አይችልም፤ ከውጭ ዕቃ የሚልክለት ዘመድም የለውም። ለእንቁጣጣሽ አጥልቆት የግቢውን ልጆች ሊያስደስት አስቧል። ፀጉሩን ከየት እንደሚያገኝና ሥራውን በምን እንደሚጀምር ጠየቀ።

ክሩ፣ ማለትም በጥያቄው ሥር የተከተለው ውይይት፣ አሁን ከ40 መልስ አልፏል። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ ይጠይቃል፣ ነባሮቹም ይቆጣሉ። ከመጀመሪያው ስለተከታተልኩት የተባለውን በተራ ልንገራችሁ። የሳቅና የማበረታቻ መልሶችን ዘልያለሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፤ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ የተጨቃጨቀው ስለ ፀጉር ነው፣ ከፀጉሩ ሥር ሆኖ የፊቱን ቅርጽ የሚሰጠው ግን ስፖንጁ ነው።

መልስ ቁጥር 1 አጭር ነው። መርካቶ ወርዶ ወፍራም ብርድ ልብስ እንዲገዛ ነገረውና ወጣ። ቁጥር 2 በትህትና አረመው። የብርድ ልብስ ፀጉር አጭር ስለሆነ ሲወጠር ሥሩ ይታያል፤ ስፌትም አይደብቅም። ይልቅ ሳልባጅ የሚሸጥበት ቦታ ሄዶ ባለፀጉር ካፖርት፣ ትልቅ የድብ አሻንጉሊት ወይም ፀጉራም ምንጣፍ ቢፈልግ ይሻለዋል። ለጭንቅላት ብቻ አንድ ሜትር ገደማ ጨርቅ ስለሚበቃ ሙሉ ጣቃ ፍለጋ መንከራተት የለበትም። በምንጣፉ እኔ አልስማማም። ጀርባው ላስቲክ የተቀባ ከሆነ ለመቁረጥም ለመወጠርም አሳር ነው።

ቁጥር 3 የለገጣፎ ልብስ ሰፊ ናት። ክሩን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ባለፀጉር ጨርቅ ከላይ በመቀስ እንደማይቆረጥ ነገረችው። ጨርቁ ተገልብጦ ጀርባው ብቻ በምላጭ ወይም በከተር ይሰነጠቃል። ከዚያ በእጅ ሲለያዩት ፀጉሩ ሳይቆረጥ ይላቀቃል። በመቀስ የቆረጠ ሰው ስፌቱ ላይ የተላጨ መስመር ይቀርበታል። ሌላው ምክሯ ስለ አቅጣጫ ነው። ፀጉሩ በእንስሳው ላይ እንደሚተኛው መተኛት አለበት፤ ከአፍንጫ ወደ ግንባር፣ ከጉንጭ ወደ አንገት። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በጨርቁ ጀርባ ላይ ቀስት ይሳላል። ቀስቱን የረሳ፣ አንዱ ጉንጩ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የተበጠረ ቀበሮ ይዞ ይቀራል።

ልኩ እንዴት እንደሚወጣም ያብራራችው እሷ ናት። የተቀረጸው ስፖንጅ በስስ ፌስታል ይሸፈናል፣ በላዩ ፕላስተር ይለጠፋል፣ የስፌቱ መስመርና ቀስቱ በማርከር ይሰመራል። ፕላስተሩ በመስመሩ ተቆርጦ ሲነሳ ልኩ እሱ ነው። የአንድ ጎን ልክ ይበቃል፤ ለሌላው ጎን ይገለበጣል። ይህቺን መገልበጥ ብዙ ሰው ዘሏታል። ቁጥር 29 ሁለት ግራ ጉንጭ ቆርጦ እያማረረ ሲመጣ፣ ወደ ቁጥር 3 ተመልሶ እንዲያነብ አዘዙት።

ቁጥር 4 ይህ ሁሉ ፍለጋ አልገባውም። ከበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ላይ ሲጣል እያየ፣ ሰው በፕላስቲክ ፀጉር ለምን እንደሚጨነቅ ጠየቀ። ቁጥር 5 ምሕረት አላደረገለትም። ቆዳ ራሱ ከባድ ነው፤ በላብ ሲርስ ደግሞ ይብሳል፤ ሲደርቅ ይገተራል፤ በደንብ ካልለፋ ይሸታል፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማጠብም የማይታሰብ ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ቆዳ ፋቂ ጎረቤት መኖር እንደሚበቃም ጨመረበት። ቁጥር 6 በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ነገሩን ለማብረድ የቆሎ ተማሪን ደበሎ አነሱ። ደበሎ ብርድ ይከላከላል እንጂ ለሚዘልና ለሚጨፍር ሰው አይሆንም ብለው በጨዋ ደንብ ለቁጥር 5 ፈረዱ።

ከደበሎ ወደ ጎፈር ለመሻገር ጊዜ አልወሰደም። ቁጥር 7 አርበኞች የአንበሳ ጎፈር ያደርጉ እንደነበር፣ ዛሬም የካቲት 23 አድዋ ሲከበር አድርጎት የሚወጣ ሰው እንዳለ አስታወሰ። ስለዚህ ራስ ላይ የእንስሳ ፀጉር ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ባይ ነው። ቁጥር 8 ተነሳበት። ጎፈር የጀግና ክብር ነው፣ ከካርቱን ልብስ ጋር በአንድ አፍ መጥራት ድፍረት ነው፣ ነገሩ በሙሉ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ ወጣቱም ጾም ጸሎቱ ላይ ቢያተኩር ይሻለዋል። ቁጥር 9 ከፈረንጅ መምጣቱን አልካደም። እንዲያውም ታሪኩን ዘረዘረው። የዚህ ነገር ወዳጆች የመጀመሪያውን ጉባኤያቸውን ያደረጉት በፈረንጆቹ 1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ዛሬ ስማቸው ከሚጠራ ጉባኤዎች አንዱ፣ አንትሮኮን የሚባለው፣ ከ2006 ጀምሮ ቤቱ ፒትስበርግ ከተማ ሆኗል። ኳስም ከዚያው ከፈረንጅ እንደመጣ አስታውሶ ዘጋው። ሌላው ቢቀር በጎፈሩ ጉዳይ ቁጥር 8 እውነት አለው፤ ሁለቱ አይገናኙም።

ጠያቂው ቁጥር 10 ላይ ተመለሰ። ሳልባጅ ሄዶ ደህና ካፖርት አግኝቷል፤ ግን ነጭ ነው። በሂና ይቀላ እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 11 የአክስቷ ሽበት በሂና እንዴት እንዳማረ ተናግራ አበረታታችው። ልብስ ሰፊዋ ቁጥር 12 ላይ ገብታ አስቆመቻቸው። ሂና የሚይዘው እውነተኛ ፀጉርና ሱፍ ነው። ይህ ጨርቅ አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ስለሆነ ሂናው አይዘውም፤ ሲታጠብ ይለቃል። በቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ትንንሽ ምልክት መሥራት ይቻላል፤ ሙሉ ጭንቅላት ግን አይሞከርም። ነጩን ደግሞ መጣል የለበትም። ቀይ ቀበሮ አገጩ ሥርና ጉሮሮው ነጭ ስለሆነ ካፖርቱ እዚያ ይገባል፤ መፈለግ ያለበት ለቀሪው ቀዩን ብቻ ነው። ይህ መልስ በጣም ደስ አለኝ።

ቁጥር 13 ላይ ሰበታ ሶፋ ቤት የሚሠራ ልጅ መጣ። ክሩ ወደ ቁም ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። በእሱ አስተያየት እስካሁን ስለ ፀጉር ያወሩት ሁሉ፣ ግድግዳ ሳያቆሙ የቀለም ዓይነት የሚመርጡ ሰዎች ናቸው። ስፖንጁ ላይ ያላማረ ፊት ፀጉር ስለለበሰ አያምርም። ቀጠለና ዓይነቱን ለየ። ርካሽ ፍራሽ ውስጥ ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ቅርጽም አይዝም። የሶፋ መቀመጫው ግን ጠንከር ይላል፤ በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ወዲያው ይመለሳል። ሶፋ ቤቶች ቁርጥራጩን በጆንያ ያስቀምጣሉ። በትንሽ ብር ይሸጡታል፤ ገብቶ ሰላም ብሎ ለሚያጫውታቸው ደግሞ በነጻም ይሰጣሉ። ለመሠረቱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ለጆሮና ለጉንጭ የዚያ ግማሽ ይበቃል።

አሠራሩን በሁለት ከፈለው። አንዱ፣ ዓይን ብቻ የሚያሳየውን የክር ኮፍያ አጥልቆ ወይም የራስ ቅርጽ ባለው ነገር ላይ ወጥሮ፣ ስፖንጁን በላዩ እየለጠፉ መሄድ ነው። ሌላው፣ በራስ ዙሪያ ስፖንጅ እንደ ባልዲ ጠምዝዞ አናቱን መክደን፣ ከዚያ ቅንድብ፣ ጉንጭና አፍ መጨመር ነው። ለጀማሪ የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ ቶሎ ይቆማል፣ ለልክም አያስቸግርም። ቁጥር 14 ተቃወመ። ባልዲው ጭንቅላቱን ያገዝፈዋል፣ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ቀጭን ፊት ያለው እንስሳ ነው። የሰበታው ልጅ ቁጥር 15 ላይ መለሰለት። ሰው ውስጡ ሊተነፍስ፣ መነጽር ያለውም መነጽሩን ሊያደርግ ስለሆነ ትንሽ ቢገዝፍ አይጎዳም፤ ቅጥነቱ አፉ ላይ ይታያል። መሐል ለመሐል መስመር ማስመርን፣ ጥንድ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቁረጥን፣ ስፖንጁንም በትንሽ በትንሹ መቀነስን አጥብቆ መከረ። የተዛባውን ለማየት ከፊት ለፊት በስልክ ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ግራና ቀኝ መገልበጥ ነው። የለመደ ዓይን ያላየውን የተገለበጠው ፎቶ ያሳብቃል። እኔ ክሩን ለአንድ ሰው ማሳየት ቢኖርብኝ ይህን መልስ ብቻ ነው የምልክለት።

ስለ ማጣበቂያው ክርክሩ ሞቅ አለ። ቁጥር 16 ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው። ሙጫ በመብራት በሚያቀልጠው ግሉ ጋን ጀምሮ ግማሹ ላይ መብራት እንደሄደበትና እንደተወው ነገረን። ቁጥር 17 መብራት የማይፈልገው ማስቲሽ እያለ ግሉ ጋን መያዙ አስገረመው። ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ይቀባል፣ ጣት ሲነኩት የማይከተል እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይገጠማል፤ ከተገጠመ በኋላ ማስተካከል የለም። ቁጥር 18 ትህትናውን ቤት ትታ የመጣች ናት። በር ዘግቶ ማስቲሽ የሚከፍት ሰው ራሱን እየመረዘ እንደሆነ፣ የአጎቷ ልጅ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ሲለጥፍ ውሎ ራሱን ይዞ እያስመለሰው እንደወጣ ተናገረች። ትነቱ እሳት ይጎትታል። ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ እያለ፣ ማስቲሹን አጠገቡ የሚከፍት ካለ ከዚህ ክር ውስጥ ቢወጣ እንደሚሻል ሁሉ ጻፈች። አንዳንዶች አነጋገሯ ከረረ ብለው ቅር አላቸው። እኔ ግን በዚህ ነገር መክረሯን ወድጄዋለሁ።

ከ19 እስከ 22 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው፤ ግን ፋይዳ አለው። ቁጥር 19 ባሌ ሄዶ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ጠያቂው የለጠፈው ንድፍ የመንደር ውሻ እንደሚመስል በግልጽ ነገረው። አፉ ረዘምና ቀጠን ማለት፣ ጆሮው ሾል ብሎ መቆም አለበት። እንስሳው በስሙ ቀበሮ ቢባልም የሚቀርበው ለተኩላ ነው። አፉ የቀጠነውም ፍልፈል ለመያዝ ነው። ቁጥር 20 ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ እንደማያስፈልግ፣ መንዝ ጓሳም እንዳለ አነሳ። ቁጥር 21 የመንዝ ልጅ ሆኖ ተገኘና የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን እንዴት እንደሚታጨድ ይተርክ ጀመር። ታሪኩ ያምራል፤ ጠያቂው ግን ቁጥር 22 ላይ ስለ ዓይን ጠየቀና ወደ ሥራው መለሳቸው።

ዓይኑ የሚሠራው ከወንፊት ነው። ቁጥር 23 ምክንያቱን ጥሩ አድርጎ አስረዳ። የጭንቅላቱ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ውጭው ብርሃን ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው ዓይኑ ላይ የሚያርፈው ቀለሙ የመለሰው ብርሃን ስለሆነ የሚታየው የተሳለው ዓይን ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ሰው ግን በቀዳዳው አሻግሮ ያያል። ቀለሙ ስስ ሆኖ መቀባትና ሳይደርቅ እፍ መባል አለበት፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። ወንፊቱ ከነጩ ክፍል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከተሠራ ደግሞ ዓይኑ ሰውን የሚከተል ይመስላል። ለነጩ ክፍል የጀሪካን ፕላስቲክ ይበቃል። ቁጥር 24 አጎበር አቀረበ፤ ቁጥር 25 አጎበር ልል ስለሆነ ይሸበሸባል ብሎ የመስኮት ወንፊት ይሻላል አለ። ቁጥር 26 እናት ናት መሰለኝ። በዚህ ዓይን ጎንና እግር ሥር እንደማይታይ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ደግሞ ጨለማና ሰባራ እንደሆነ አስታውሳ፣ እጁን ይዞ የሚመራው ሰው ሳይኖር ከቤት እንዳይወጣ ለመነችው። የዚህ ሥራ ባለሙያዎችም ብዙውን ጊዜ ያለ አጋዥ አይወጡም።

ስለ አየር ብዙ አልተባለም፣ መባል ግን ነበረበት። ቁጥር 27 ከአሮጌ ኮምፒውተር ፋን ፈትቶ በፓወር ባንክ እንዲያሠራው መከረ። ቁጥር 28 የኮምፒውተር ፋን አብዛኛው 12 ቮልት እንደሆነ፣ ፓወር ባንኩ ግን 5 ስለሚሰጥ ወይ እንደሚያንቀላፋ ወይ ጭራሽ እንደማይነሳ ነገረው። ባለ 5 ቮልት ትንሽ ፋን መግዛት ነው መፍትሔው። አፉን ከፈት አድርጎ መሥራትም ከማንኛውም ፋን ይበልጣል። በየመሐሉ እያወለቁ ውሃ መጠጣት ግድ ነው።

ቁጥር 30 ሱሉልታ የሚኖር ሰው ነው። እሱ የጅብ ጭንቅላት ነው መሥራት የሚፈልገው። ማታ ማታ እውነተኛው ጅብ በአጥራቸው ሥር ስለሚያልፍ ሞዴል አላጣም። ቁጥር 31 እንዳይሞክረው አስጠነቀቀ። ሠፈር ውስጥ ቡዳ የሚል ወሬ ለመነሳት ከዚህ ያነሰ ነገር ይበቃል፤ ጨለማ ላይ ያጋጠመው ዘበኛም ድንጋይ ነው የሚያነሳው። ቁጥር 32 ይህን ኋላቀርነት አለው። ጋሼ ግን ዘበኛው ኋላቀርም ዘመናዊም ቢሆን ድንጋዩ ያው ድንጋይ እንደሆነ ተናገሩ። ሱሉልታው ልጅ ቀን ቀን ብቻ እንደሚለብሰው ቃል ገባ።

ጽዳቱ ላይ ሳቅ ነበር። ቁጥር 33 የውስጡን ሽታ ለማጥፋት አልኮልና ውሃ ቀላቅሎ መርጨትን ነገረን። ቁጥር 34 ካቲካላ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 35 በካቲካላ የተረጨ ቀበሮ ለብሶ ሕፃናት መሐል የሚገባን ሰው የግቢው እናቶች ምን እንደሚሉት እንዲያስብ ነገረችው፤ የፋርማሲውን አልኮል እንዲገዛም መከረችው። ጭንቅላቱ መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነው። ሙቅ ውሃም ካውያም የለም፤ ይህ ፀጉር ሙቀት ሲነካው ይጨማደዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማጠብ ግን አይመከርም። ስፖንጁ ውስጥ የገባ ውሃ ፀሐይ ካላገኘ ሻግቶ ያርፈዋል።

ከ36 እስከ 40 ያለው ጦርነት ነው። ፊት ላይ ያለው ፀጉር ማጠር አለበት፤ ካልተላጨ ስፖንጁ ላይ የተለፋበት ቅርጽ ሁሉ ይደበቃል። የሚላጨውም በቶንዶስ ነው። ጥያቄው ከመለጠፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ቁጥር 36 በፊት ይላል፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲላጩት እኩል ይሆናል። ቁጥር 37 በኋላ ይላል፤ ከአፍንጫ አጭር ጀምሮ ወደ ጉንጭ እየረዘመ መሄዱ የሚታየው ፊቱ ላይ ሲቀመጥ ነው። ቁጥር 38 ሁለቱንም ጀማሪዎች ብሎ ሰደበና ጠፋ። ቁጥር 39 ፀጉር ቤት አለው። የሚያውቀው ሰው ቶንዶሱን ተውሶ ምንጣፍ ላጭቶበት ምላጩን እንዳደነዘዘበት ተናግሮ፣ ማንም ለዚህ ሥራ የፀጉር ቤት ማሽን እንዳይጠይቅ አስጠነቀቀ። ቁጥር 40 ልብስ ሰፊዋ ናት። በመጀመሪያ ረዘም አድርጎ፣ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ አሳጥሮ መላጨት እንደሚቻል፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግን የግድ እንደሆነ፣ ብናኙ ቤቱን ሙሉ እንደሚያጥለቀልቅ ነገረቻቸው። እኔ ከ37 ጋር ነኝ። አንዴ ያጠረ ፀጉር አይመለስም፤ እያዩ መቀነስ ይሻላል።

ቁጥር 41 ላይ ጠያቂው ፎቶ አስቀመጠ። ስፖንጁ ቆሟል፣ ፀጉር ገና የለውም። ለጀማሪ እጅግ ጥሩ ነው። አፉ ቀጥኗል፣ ቅንድቡም ቦታው ላይ ነው። ጆሮዎቹ ግን በጣም ተቀራርበዋል፤ ባሌ የሄደው ሰውም ይህንኑ አለው። ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ሱቋ ይዞት ከመጣ ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ እንዴት እንደሚሰፋ ልታሳየው ቃል ገባችለት። ወዲያው ሦስት ሰዎች አብረው ይመጡ እንደሆነ ጠየቁ። የቀሩት መልሶች የታክሲ ናቸው፤ አንዱ በጎሮ ወደ አያት ዞሮ ለገጣፎ እንዲገባ፣ ሌላው መገናኛ ወጥቶ እንዲሄድ ይከራከራሉ። የሰበታው ልጅ ጆሮዎቹን በማስቲሽ እንዳይለጥፋቸው፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይሰበሩበትም አውልቆ በፌስታል ይዟቸው እንዲሄድ ነገረው። እዚያ ሲደርስ መስታወት ፊት አጥልቆት ጆሮዎቹን በስፒል እያራቀና እያቀረበ ቦታቸውን ይወስናል።